ከግራ የሚጀምር ስፌት

ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተነስታ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ለመላው ቤተሰብ አንድ ነገር በይፋ አሳወቀች። "ትራሴን የነካ ሰው አለ።" መላው ቤተሰብ ማለት ሁለት ሰው ነው፤ ታላቅ ወንድሟና የአሥራ ስድስት ዓመት ሴት ልጇ። ወንድምየው ዳቦውን ሻይ ውስጥ እንደነከረ ደርቆ ቀረ፤ ዳቦው የቻለውን ያህል ታግሶ በመጨረሻ ተቆርሶ ብርጭቆው ውስጥ ሰመጠ። ትራሱ ያን ያህል የሚወራለት ትራስ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ አጭር ናት፣ የመኪናው ጠረጴዛ ደግሞ የተሠራው ለረዥም ሰው ነው፤ ስለዚህ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላችውን ትራስ ወንበሩ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ትራሱም በዚያ ሁሉ ዘመን የሷን ቅርፅ ይዞ፣ በግራ በኩል ጎድጎድ ብሎ፣ ወንበሩን ርስቱ አድርጎት ኖሯል። ዛሬ ግን ጉድጓዱ በቀኝ ነው። አንድ ሰው አንስቶት ነበር፤ ሲመልሰው ገልብጦ መለሰው።

"እኔ ትራስ አያስፈልገኝም፤" አለ ወንድምየው። "አርባ ዓመት ቆሜ ነው የሠራሁት።" እውነቱን ነው። አርባ ዓመት አውቶብስ ውስጥ እየተንገጫገጨ የተሳፋሪ ትኬት ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው።

"አንተን ማን ምን አለህ፣ ወንድም ጋሼ?"

"ስትናገሪ ያየሽው እኔን ነዋ።"

ልጅቷ በሩ ሥር ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ታስራለች። ያንኑ ጫማ ስታስር ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። በትምህርት ቤት ቀጭኔ ይሏታል፤ ስሙን ያወጣችላት የልብ ጓደኛዋ ናት፣ በፍቅር ነው ብላለች። ቀጭኔ ትራሱ ላይ ከተቀመጠች ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር አይገባም። ስለዚህ ላለፉት አምስት ሳምንታት ሰኞ ሰኞና ረቡዕ ረቡዕ፣ እሷ ከጠዋት ፈረቃ ተመልሳ፣ እናቷ የአንድ ሆቴል አንሶላና መጋረጃ ልትጠግን ሄዳ፣ አጎቷም ምሳውን በልቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲተኛ፣ ትራሱን ቀስ አድርጋ ታነሳለች፣ ሥራዋን ትሠራለች፣ ትራሱን ቀስ አድርጋ ትመልሳለች። ትናንት ረቡዕ ግን ቸኮለች።

በዚህ ቤት ልጅቷ መስፋት እንደማትችል የታወቀ ነው። የታወቀውም ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ምሽት ከትምህርት ቤት ገብታ "እኔ ልብስ ሰፊ አልሆንም፣ መርፌም አልይዝም" ያለች ጊዜ ነው። እናቷ ሐሳቡን እንደቀየረ ደንበኛ ቆጠረቻት። አልተቆጣችም፣ አልለመነችም፤ ያኔ እያስተማረቻት የነበረችበትን ጨርቅ አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ የሸሚዟ ቁልፍ ሲወልቅ ልጅቷ ቁልፉን በመዳፏ ይዛ እናቷ ፊት ትቆማለች፣ እናቷም ትተክልላታለች፤ ሁለቱም በዚያች ሁለት ደቂቃ ስለ አየሩ ያወራሉ።

ልብስ ሰፊዋ ግራኝ ናት። በዚያ መንገድ ላይ ሌሎች አራት ልብስ ሰፊዎች አሉ፤ አራቱም አንድ ልብስ በእጃቸው ሲገባ የጠርዙን እጥፋት ገልበጥ አድርገው "ይኼ የግራኟ ነው" ይላሉ። ሌላው ሰው ጠርዝ በእጁ ሲዘመዝም ከቀኝ ጀምሮ ወደ ግራ ይሄዳል። እሷ ከግራ ጀምራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ክሯም ነፋስ እንዳስተኛው ሣር ወደ ሌላ ወገን ያጋድላል። ልጅቷ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ከዚች ሴት ጎን ቁጭ ብላ ያየችው ይህንኑ ነው። ችግሩ እሷ ቀኝ እጇን የምትጠቀም መሆኗ ነው፤ በቀኝ እጅ ከግራ መጀመር በጭንቅላት ላይ ዞሮ ጆሮን እንደመንካት ያለ ነገር ነው። ያም ሆኖ ሌላ መንገድ መኖሩን አታውቅም። ዓለም በሙሉ እንዲህ እየተቸገረ የሚሰፋ ይመስላታል።

ስልኳ ኪሷ ውስጥ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። አንድ ጊዜ "ነይ" ማለት ነው። ሁለት ጊዜ "ጠብቂ" ነው። ሦስት ጊዜ ከሆነ "ተቀይሜሻለሁ፣ ምክንያቱን ራስሽ ፈልጊ" ማለት ነው።

"ዛሬ ትቆያለሽ?" አለች እናቷ ትራሱን ወደ ቦታው እየመለሰች።

"የመዝጊያ ፕሮግራም ነው። የተማሪ ብቻ።"

"አዎ፣ ነግረሽኛል።"

ነግራታለች። ከሦስት ቀን በፊት፣ እናቷ መርፌ በአፏ ይዛ ሳለ፣ ዘንድሮ ወላጅ አልተጠራም ብላ ነግራታለች። የወላጅ ጥሪ ካርዱ በዚያች ሰዓት ሒሳብ መጽሐፏ ውስጥ፣ ገጽ ዘጠና ላይ ተኝቶ ነበር። ለሁለት ሰው የሚሆን፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ካርድ ነው። አጎትየው በማንኪያ የሰመጠውን ዳቦ እያወጣ ልጅቷን ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ወደ ዳቦው ተመለሰ።

የደወለችው የልብ ጓደኛዋ ማሬ ናት፣ ሰፈሩ ፋርማሲዋ የሚላት የፋርማሲ ባለቤት ልጅ። ማሬ ያሏት ከመጣፈጧ ይልቅ ከመጣበቋ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም። ከማሬ ጋር የሚውል ሰው ከሌላ ሰው ጋር አይውልም፤ ሕጉ ተጽፎ አይደለም፣ ግን ይታወቃል። ባለፈው ዓመት ቀጭኔ አንዲት ልጅ በቀለደችው ቀልድ ሳቀች። ቀልዱ ጥሩ ነበር። ማሬ አሥራ ዘጠኝ ቀን አላናገረቻትም፤ በአጠገቧ ስታልፍ እንደ ወንበር ዞር ብላ ነበር የምታልፋት። በሃያኛው ቀን መጥታ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ "ያላንቺ እኮ ሞቼ ነበር!" እያለች አለቀሰች፤ ይቅርታ የጠየቀችው ግን ቀጭኔ ናት። በዚያ ምሽት ቤቷ የገባችው እየበረረች ነው። እንደዚያ አድርጎ የፈለጋት ሰው በሕይወቷ አልነበረም። እናት ትወዳለች እንጂ ያላንቺ ሞትኩ አትልም፤ ሥራ አላት።

አንድ ዝናባማ ቀን ደግሞ፣ በማሬ አልጋ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው፣ አንድ ማዳመጫ ለሁለት ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ቀጭኔ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻት። እናቷ ስፒል በአፏ ይዛ የደንበኛ እግር ሥር ስትንበረከክ ማየት እንደሚያሳፍራት። ማሬ አቀፈቻት። "እኔን! የኔ ቆንጆ፣ ስታሳዝኚ!" አለቻት። ከዚያም ነገሩን እናቷ መድኃኒት እንደምታስቀምጠው አድርጋ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አስቀመጠችው።

ፋርማሲው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ማዕዘኑ ላይ ነው፤ መኖሪያ ቤቱ ከላዩ ነው፣ ደረጃው ደግሞ በሱቁ ውስጥ ያልፋል። ቀጭኔ ስትደርስ ፋርማሲዋ የመስታወቱን መደርደሪያ ተደግፋ ለአንዲት የሳል ሽሮፕ ልትገዛ የመጣች ጎረቤት ስልኳ ላይ የልብስ ፎቶ እያሳየች ነበር። ጎረቤትየዋ ሽሮፑ ከባለፈው ወር ይልቅ በመወደዱ መከራከር ጀምራ ነበር፣ ፎቶው ግን ክርክሩን አስረሳት።

"እህቴ ናት ለልጄ የላከችላት፤ ከውጭ፤" አለች ፋርማሲዋ። "እጅጌውን እይው። አንገቱን እይው። እዚህ ማን እንዲህ ይሰፋል?"

"ኧረ ማንም!" አለች ጎረቤትየዋ።

ቀጭኔ በሩ ላይ ቆመች። ቆም ያለችው የሰማችው ስድብ ይሁን ምስጋና ለመለየት ነው። የዚያን ልብስ ጨርቅ በእጇ የሰጠቻት ይህችው ሴት ናት፤ ልኩ ሲወሰድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ "ወገቡ ላይ እንዳታሰፊው" ያለችው ይህችው ሴት ናት። እጅጌውን ቀጭኔ ሦስት ጊዜ ፈታ ሦስት ጊዜ ገጥማዋለች፤ በሁለተኛው ጊዜ አልቅሳለች። ስለዚህ መናደድ ነበረባት፣ ትንሽም ተናደደች። ነገር ግን ከንዴቱ ሥር ሌላ ነገር፣ ሞቅ ያለ፣ አንገት ቀና የሚያደርግ ነገር ተነሳ። እዚህ ማን እንዲህ ይሰፋል። አራት ቃል ናት። አራቱን ቃል በልቧ ኪስ ከታ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

"ጫማሽን አራግፊ ልጄ!" አለች ፋርማሲዋ ከኋላዋ።

ልብሱ የቁም ሣጥኑ በር ላይ ተሰቅሏል። ቀለሙ እንደ እስክሪብቶ ቀለም ጥቁር ሰማያዊ፣ ርዝመቱ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ዚፑ በጎን ተደብቆ ካልነገሯችሁ አይታይም። ገበሩ ከላዩ ጨርቅ በአንድ ጣት ያጠረ ነው፣ ስትራመድ ብቅ እንዳይል፤ ይህን ማንም አላስተማራትም፣ በሌላ ሰው ልብስ ላይ አይታ ነው። ትናንት ማታ አስረክባው ስትሄድ ልጇን ለሞግዚት ትታ እንደምትሄድ እናት ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አይታዋለች። ማሬ መስታወቱ ፊት ተቀምጣ ፀጉሯን ትሠራለች። ስትስቅ ጉንጯ ላይ ስርጉድ አላት፤ ያንን ስርጉድ ለማየት ሲባል ብዙ ሰው ብዙ ነገር አድርጓል።

"ነይ አልብሺኝ። ቀስ በይ፣ ፀጉሬን እንዳትነኪው።"

አለበሰቻት። ልብሱ ሰው ላይ ሲወጣ ሌላ ነው፤ ትከሻው ቦታውን ያዘ፣ ወገቡ አንዲት መስመር ሳይሸበሸብ ወረደ። ቀጭኔ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዳ አየችው። ማሬን አይደለም ያየችው፣ ልብሱን ነው። ማሬ ግን አየችኝ ብላ ስርጉዷን አሳየቻት። ከዚያ ከአልጋው ሥር ብርማ ቀለም ያለው ጠፍጣፋ ጫማ አወጣች።

"እሱን አይደለም፤" አለች ቀጭኔ። "ልኩን የወሰድኩት በረዥሙ ጫማ ነው።"

"ረዥሙ ጣቴን ይቆነጥጠኛል።"

"በዚህ ይጎተታል። ደረጃ ስትወጪ ትረግጪዋለሽ።"

"አቤት! ልብስ ሰፊ ሆንሽብኝ እንዴ?" አለች ማሬ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት። "እሺ፣ እንለማመድ። ማን ነው የላከልኝ?"

"አክስትሽ።"

"ከየት?"

"ከውጭ።"

"ጎበዝ።"

ቀጭኔ የማበጠሪያውን ጥርሶች በአውራ ጣቷ ነካካች። ከጠዋት ጀምሮ፣ ምናልባትም ከአምስት ሳምንት በፊት ጀምሮ፣ ልትጠይቀው የፈለገችው አንድ ነገር ነበር። "ለእናቴ ብቻ ልንገራት? ለሌላ ለማንም አልናገርም። ከፕሮግራሙ በኋላ አንዴ እንድታየው ብቻ ነው። እሷ ካየችው ይበቃኛል።"

ማሬ ከመስታወቱ ፊት ተነሳች። መጥታ ሁለት እጇን ያዘቻት፤ እጇ ሞቃት ነው፣ ሽቶዋም ጥሩ ነው። "የኔ ቆንጆ፣ እናትሽን አትጥሪያቸው ያልኩሽ ለምን ይመስልሻል? እሳቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ይነቃሉ፣ ከዚያ ሰፈር ያወራል፣ ከዚያ እኔ ምን እባላለሁ? ከዚያ አንቺና እኔ አለቀልን ማለት ነው። ትፈልጊያለሽ?" ቀጭኔ አንገቷን በእምቢታ ነቀነቀች። "ደግሞም፤" አለች ማሬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ተንበርክከው ሳያቸው አፍራለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም። እንዲህ ማለትሽን ቢሰሙ ያዝናሉ። ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።" ጉንጯን ሳመቻትና የፕሮግራሙን ወረቀቶች አስያዘቻት።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲሠራ ለስፖርት ነበር፤ ወለሉ ላይ የኳስ ሜዳ መስመሮች አሉ፣ በመስመሮቹ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ወላጆች ይገቡ ጀመር። ሁሉም የመጡት ከሥራ ወጥተው ነው፤ አናጺው ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ እንዳለ፣ ሒሳብ ሹሟ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች። ፋርማሲዋ ግን ነጭ ጋውኗን አውልቃ፣ ሐር ለብሳ፣ የፊተኛውን ረድፍ መካከለኛ ወንበር በቦርሳዋ ይዛለች። ቀጭኔ የመድረኩ ደረጃ ሥር ቆማለች፤ ሥራዋ ፕሮግራሙን ለምትመራው ለማሬ ወረቀቶቹን በየተራ ማቀበል ነው። ከዚያች ቦታ ሆና አዳራሹን ስትቃኝ አራተኛው ረድፍ ላይ አጎቷን አየችው። ወርቃማ ጠርዝ ያለውን ካርድ ከፍ አድርጎ ይዞ ለአስተናጋጇ ተማሪ እያሳየ ነበር፤ አስተናጋጇ ግን አልጠየቀችውም። አርባ ዓመት በሰው እጅ ያለ ወረቀት ሳያነብ አልፎ የማያውቅ ሰው በገጽ ዘጠናም ያልፋል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ከአጎቷ ጎን እናቷ ተቀምጣለች። ለራሷ የሰፋችውን ግራጫ ቀሚስ ለብሳለች፤ ለራሷ የሰፋችው እሱን ብቻ ነው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ታያለች። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ፊቷን አላጨፈገገችም፣ ፈገግም አላለችም፤ ትንሽ ራሷን ዝቅ አደረገች፣ ደንበኛዋን ሰላም እንደምትል። ቀጭኔ ጆሮዋ እስኪግል አፈረች። አሁን ያፈረችው ግን ሌላ ጊዜ በምታፍርበት ነገር አልነበረም።

ማሬ ከኋላ በሩ መጋረጃ በስተጀርባ ወጣችና በአዳራሹ ጎን ወደ መድረኩ መራመድ ጀመረች። የአዳራሹ ጫጫታ ዝቅ አለ። "ውይ፣ ልብሱ!" አለች አንዲት ሴት። ፋርማሲዋ ወደ ኋላ ዞራ በሁለት ቃል መልስ ሰጠቻት፣ ሁለተኛው "ከውጭ" ነበር። ቀጭኔ ማሬን አላየችም። እናቷን ነው ያየችው። እናቷ ልብስ ስታይ ከትከሻ ነው የምትጀምረው፤ ትከሻውን አየች፣ እጅጌው ላይ ቆየች፣ እጅጌው የተገጠመበት ቦታ ላይ ደግሞ በጣም ቆየች፣ ከዚያ በጣም በትንሹ፣ ማንም በማያየው ልክ፣ ራሷን ወደ ታች ነቀነቀች። ያን ንቅናቄ ቀጭኔ ታውቀዋለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ቢታይ ነው። ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ በዚያች ቅፅበት በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሷ የሚረዝም ሰው አልነበረም።

ማሬ ሦስተኛውን ደረጃ ስትወጣ በብርማ ጫማዋ የልብሱን ጫፍ ረገጠችው። ድምፁ ትንሽ ነበር። የጠርዙ እጥፋት አንድ ክንድ ያህል ተተርትሮ እግሯ ላይ ተንጠለጠለ።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ ማይክራፎኑን አንስታ፣ ዶክተር እንደሚፈለግበት አደጋ በከበደ ድምፅ "ከወላጆች መካከል ልብስ ሰፊ አለ?" አለች። ከአራተኛው ረድፍ አንድ ግራ እጅ ወደ ላይ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ይዛ በወንበሮቹ መካከል አለፈች። ቦርሳዋ ውስጥ መርፌና ክር የሌለበት ቀን የለም። ፋርማሲዋም ከፊተኛው ረድፍ ተነስታ ደረጃው ሥር ቀድማት ደረሰች። "ቀስ በይ እባክሽ፤" አለቻት። "ከውጭ የመጣ ልብስ ነው። እዚህ እንደሚሰፋው አይደለም።"

"እሺ፣ እጠነቀቃለሁ።"

ተንበረከከች። መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች፣ አራት ስፒል አፏ ውስጥ ያዘች፣ የተተረተረውን ጠርዝ በግራ እጇ አንስታ ገለበጠችው። ከተተረተረው ቀጥሎ ያልተነካው ስፌት አለ። እሱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ። ከዚያ እጇ ቆመ። ቀጭኔ ከላይ ሆና የእናቷን ፀጉር መሐል ብቻ ነው የምታየው፤ ሽበቱ ከመቼ ወዲህ እንዲህ እንደበዛ አላስተዋለችም ነበር። ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አወጣች።

"የት ነው የተሰፋው አሉኝ?"

"እህቴ ናት የላከችው አልኩሽ። እዚያ ትልቅ ቤት አለ፣ ለትልልቅ ሰዎች የሚሰፋ።"

ልብስ ሰፊዋ እጥፋቱን አንድ ጊዜ ደግማ አየችው። "ጥሩ ቤት ነው፤" አለች።

ከቦርሳዋ ክር አወጣች፤ ያው ጥቁር ሰማያዊ፣ ልክ የልብሱን ቀለም። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ፣ ሁሉም እያያት፣ በአንድ ጊዜ መርፌው ውስጥ አስገባችው። ከዚያም "ዓይኔ አላይ አለኝ" አለች። ተነስታ ቆመችና መርፌውን ወደ ልጇ ዘረጋች። "ነይ የኔ እናት። አንቺ ጨርሺው።"

ማሬ ሳቀች፤ ስርጉዷ ግን አልወጣም። "ቀጭኔ? ኧረ እትዬ፣ እሷ እኮ ቁልፍ እንኳ መትከል አትችልም! ይጠይቋት።" ከዚያ ወደ ቀጭኔ ጎንበስ ብላ፣ ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ "ወረቀቱን ያዢ" አለቻት። "አልችልም በያቸው። አለዚያ ያልሽውን እነግራቸዋለሁ።"

መርፌው በሦስቱ መካከል፣ በአየር ላይ፣ በልብስ ሰፊዋ ሁለት ጣቶች ቆሟል። እናቷ አልነቀነቀችውም፣ አልደገመችም። አልችልም ቢሏት "አዎ፣ ነግረሽኛል" ብላ ራሷ እንደምትጨርሰው ቀጭኔ ታውቃለች፤ ከዚያም ቤት ገብተው ስለ አየሩ እንደሚያወሩ ታውቃለች።

"ራሴ እነግራታለሁ፤" አለች ማሬን። ወረቀቶቹን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። መርፌውን ተቀበለችና ተንበረከከች።

የወለሉ ጣውላ ለጉልበት ደረቅ ነው። ከዚያ ከታች ሆኖ ሲያዩት አዳራሹ በሙሉ ጫማ ነው፤ የአናጺው ጫማ፣ የሒሳብ ሹሟ ጫማ፣ የፋርማሲዋ የሐር ቀሚስ ጫፍ። ቀጭኔ በዚህ ሁሉ ዓመት አስባው የማታውቀው አንድ ነገር ትዝ አላት። እናቷ ከዚህ ቦታ ሆና "ዙሪ" ስትል ባለሥልጣንም ትሁን የባለሥልጣን ሚስት ያልዞረች ሴት አይታ አታውቅም።

ማሬ እግሯን ልታነሳ ስትል ልብሱ ተሳበ።

"ቀጥ ብለሽ ቁሚ፤" አለች ቀጭኔ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "አትነቃነቂ።"

ማሬ ቀጥ ብላ ቆመች።

መርፌው ከግራ ተነሳ። ቀኝ እጇ በራሷ ላይ ዞሮ፣ ክሩን ወደ ላይ ስቦ፣ ከጨርቁ አንዲት ክር ነክሶ፣ ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ሄደ። ምክትል ርዕሰ መምህሯ ማይክራፎኑን ሆዷ ላይ እንደያዘች ጎንበስ አለች፤ አሮጌው ስፌት ያጋደለው ወደዚያ ነው፣ አዲሱም ያጋደለው ወደዚያው፣ አንዱ የት እንዳለቀ ሌላው የት እንደጀመረ አይለይም። ቀና ብላ ፋርማሲዋን አየቻት። "እዚያ አገር አሰፋፋቸው..." ብላ ጀምራ የነበረችው ፋርማሲዋ የቀረውን ዋጠችው።

"ቀስ በይ!" የሚል ድምፅ ከአራተኛው ረድፍ መጣ። አጎቷ ነው፤ ካርዱን እንደያዘ ቆሟል። "ሰኞም እንዲሁ ስትቸኩይ ነው ክሩ ሁለቴ የተበጠሰብሽ!" ከተናገረ በኋላ ዙሪያውን አየ፤ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተኝቶ እንደነበረ ትዝ ብሎት ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ነበር። የልጇን እጅ እስከ መጨረሻው ቋጠሮ ድረስ ተከተለችው። ከዚያ በጠዋቱ ድምፅ፣ ለማንም ሳይሆን ለአዳራሹ በሙሉ፣ "የትራሴ ነገር ተገኘ" አለች።

ቀጭኔ ቀና አላለችም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ እናቷ እንደምታደርገው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።